ሽንት ቤት ፍለጋ ገብቼ ሬሳ ሆንኩ

ስማ አንተ ቀልማዳ፣

ለጉብኝት በመጣሁበት ከተማ ሽንት ቤት ልጠይቅ ብዬ አንድ የወጣቶች የጥበብ ማዕከል ገባሁልህ። ኃላፊዋ ከመሰላል ላይ ሆና ብሩሽ ወረወረችልኝና «መጀመሪያ ይቺን ግድግዳ ጨርስልኝ፣ ወንድሜ!» አለችኝ። አመላቸው ነው፤ በራቸውን የረገጠውን ሁሉ ሥራ ሳይሰጡት አይለቁትም። «ከበሯችሁ እንቅልፍ ነሳኝ» ብሎ ሊጣላ የመጣው ጎረቤታቸው ዛሬ ከበሮ መቺያቸው ነው። የኛ ሰፈር ማዕከል ዘበኛ ይህን ቢያይ ራሱን ይስት ነበር፤ እሱ እንኳን ሰው፣ ነፋስም ያለ መታወቂያ አያስገባም!

እኔንም ለቅዳሜው ቲያትር ሬሳ አድርገውኛል። ኃላፊዋ «እንዳንተ መተኛት የሚያምርበት ሰው አላየሁም» ስላለችኝ የመመለሻ ትኬቴን አራዘምኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ሰፈርተኛውን በሙሉ ሳምልኝ። እማዬ ስለኔ ከጠየቀችህ ግን አደራህን፣ ወሬውን ከሬሳው እንዳትጀምርላት።

ሟቹ ጓደኛህ