የሲስተር ሙኒያ ቅጣት ወደ እኔ እንዲዛወር

ቀን፦ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር ዶ/ር ሚክዳድ አብዲራህማን
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በሲስተር ሙኒያ ዐብዲሻኩር ላይ የተላለፈው የዲሲፕሊን ውሳኔ እንዲነሣና ጥፋቱ በእኔ ላይ እንዲታይ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በሆስፒታሉ የሚጥል በሽታ ክትትል ክፍል ኃላፊ ነርስ ነኝ። በነርስነት አሥራ ሰባት ዓመት፣ በዚህ ክፍል ደግሞ ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ አገልግያለሁ። ነገሩ አጣዳፊ ስለሆነ ክቡርነትዎ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ወደ ክፍላችን የሚመጣው መድኃኒት አልይዝለት ያለ ታካሚ ነው። ራሱ ላይ ሽቦ እንለጥፋለን፣ ካሜራ እንከፍታለን፣ ከዚያም ሐኪሙ ሕመሙ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነሣ እንዲያይ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንቀንሳለን። በሽታውን ና ብለን የምንጠራው እኛ ነን ማለት ነው። ስለዚህ ከአልጋው ግርጌ ያለው ወንበር ለአንድ ደቂቃም ባዶ እንዳይሆን መመሪያ አለን። መመሪያውን የጻፍኩትም፣ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ።

2. ወ/ሪት ላዳን ዳሂር የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ስትሆን ከጀልዴሳ መጥታ የተኛችው ሚያዝያ 19 ነበር። ስሟን የጠቀስኩት በፈቃዷ ነው። ልብስ ትነግዳለች። ገበያ መሐል ሦስት ጊዜ ወድቃ ሰው ከብቦ ስላያት፣ «ወይ አድኑኝ፣ ወይ ቁርጤን ንገሩኝ» ብላ ነው የገባችው። እናቷ ወ/ሮ ሁዶ አማርኛ እምብዛም ስለማይችሉ በሶማሊኛ የምታነጋግራቸው ሲስተር ሙኒያ ነበረች።

3. ረቡዕ ሚያዝያ 22 ከቀኑ 6 ሰዓት ግድም ሐርላ አካባቢ መኪና ተገልብጦ ቁስለኞች ገቡ። ድንገተኛ ክፍል ነርስ ላኩልን ብሎ ደወለ። ወንበሩ ላይ ሲስተር ሙኒያ ነበረች። ወ/ሮ ሁዶ ለቀትር (ዙህር) ሶላት ወጥተዋል። በሩ ላይ ቆሜ፣ «ሙኒያ፣ ድንገተኛ ውረጂ፤ እኔ እቀመጣለሁ» አልኳት።

«ሲስተር፣ መድኃኒቷ መቀነስ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኗ ነው። መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለችኝ።

«መጣሁ አልኩሽ እኮ! ሂጂ!» አልኳት። ሄደች።

ልቀመጥ ስገባ ክፍሉን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ኮሪደሩ ላይ ደረሱ። ሰላም ብዬ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። አንዱ ጠየቀኝ፣ መለስኩ፤ ሌላው ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ክቡር ሆይ፣ ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል፦ ወ/ሪት ላዳን ስትወድቅ እኔ ለእንግዶቹ ታካሚዎቻችን ለአንድ አፍታም ያለ ጠባቂ እንደማይቀሩ እያስረዳሁ ነበር።

የሰማሁት የወ/ሮ ሁዶን ጩኸት ነው። ከሶላት ተመልሰው «ሆዮ! ሆዮ!» እያሉ፣ የሶማሊ እናት ልጇን በምትጠራበት ቃል፣ ልጃቸውን ይጠራሉ። ሮጬ ስገባ አልጋውና ግድግዳው መሐል ተቀርቅራ ትንቀጠቀጣለች፤ አፏ ደም ሞልቷል። ወደ ጎን አዞርኳት፣ ኦክስጅን ሰጠኋት፣ ማስታገሻውን መርፌ ወጋኋት። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሮ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ወንበሩ ባዶ የቆየው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው።

4. ኮሚቴው ግንቦት 5 ሲቀመጥ እኔም ተጠርቼ ነበር። ሰብሳቢው ሲስተር ሙኒያን፣ «ከቦታሽ የተነሣሽው በማን ፈቃድ ነው?» ብለው ጠየቋት። መልሱን ከእኔ ጠብቃ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ፊቴ ያለውን ወረቀት አየሁ። ሰብሳቢው «ያለ ፈቃድ» ብለው አስመዘገቡ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ተጠይቄ ባውቅ ብዙ ምክንያት እደረድር ነበር። ክፍሉ ይዘጋል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ይህ እውነት ነው። ስሜን ፈርቻለሁ፤ ይህ ደግሞ የበለጠ እውነት ነው። የመመሪያው ጸሐፊ ራሷ መመሪያውን አፈረሰች መባሉን አልቻልኩትም። በዚህ የተነሣ ሲስተር ሙኒያ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ወደ ካርድ ክፍል ተዛወረች። ስድስት ዓመት ታካሚ ያስታመመች ነርስ ዛሬ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ካርድ ታወጣለች።

5. ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። የቆለፍኩትን የመድኃኒት ሣጥን ተመልሼ እነካለሁ። ወንበሩ ላይ ሰው መኖሩን አይቼ ቢሮዬ ሳልደርስ እንደገና እመለሳለሁ፤ የክፍሉ ነርሶችም «ሲስተር፣ ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። ባለፈው ዓርብ የካሜራውን ቀረጻ ብቻዬን ከፈትኩት። ኮሚቴው ያየው ሕመሙ ከጀመረበት ጀምሮ ያለውን ብቻ ነው። ወደ ኋላ መልሼ 6 ሰዓት ከ13 ላይ ስደርስ በተራ ቁጥር 3 የጠቀስኩት ንግግር አንድም ሳይጎድል ተሰማኝ። የእሷ ድምፅ ረጋ ያለ ነው። የእኔ ችኩልና ቁጡ።

ቀረጻ በሠላሳኛው ቀን በራሱ ይጠፋል። ዛሬ ሃያ ስድስተኛው ቀን ነው። ዝም ብል ኖሮ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ከሁለታችን በስተቀር የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

6. ቅዳሜ ጀልዴሳ ሄጄ ለወ/ሪት ላዳንና ለእናቷ እውነቱን ነግሬያለሁ። ወ/ሪት ላዳን አፏን በሻርፗ ሸፍና፣ «ዶክተሩ በሽታዬ ከየት እንደሚነሣ አውቆታል፤ መድኃኒቴም ተቀይሯል። አንቺ ግን የት ነበርሽ?» አለችኝ። «ኮሪደር ላይ» አልኳት። ወ/ሮ ሁዶ በልጃቸው አስተርጓሚነት፣ «ታዲያ ሙኒያን ለምን ቀጣችኋት?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ) የ6 ሰዓቱ ቀረጻ ከዓርብ ግንቦት 22 በፊት ተገልብጦ በእጅዎ እንዲቀመጥ፤ ይህ ከሁሉም ይቅደምልኝ።

ለ) በሲስተር ሙኒያ ላይ የተወሰነው ተሽሮ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ፣ መሻሩም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ እንዲገለጽላት።

ሐ) ኮሚቴው በእኔ ላይ እንዲቀመጥ። ማቅለያ አልጠይቅም።

መ) የወ/ሪት ላዳን ጥርስ በሆስፒታሉ ኃላፊነት እንዲታከም።

ሠ) ድንገተኛ ክፍል ነርስ ሲያንሰው ከእኛ ወንበር ሰው እንዳይነሣ፣ ኃላፊዋም ብትሆን የማስነሣት ሥልጣን እንዳይኖራት መመሪያው በፊርማዎ እንዲጸና አመለክታለሁ።

ይህን ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት ዛሬ ጠዋት ካርድ ክፍል ወርጄ ለሲስተር ሙኒያ አስነብቤያታለሁ። ወረፋ የያዙትን ሰዎች ጥቂት እንዲታገሡ ለምና፣ ቆማ አነበበችው። የተጻፈው ሁሉ ልክ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚህ በላይ «ሲስተር ሙኒያም ይቅርታ አድርጋልኛለች» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ። እስክሪብቶዋን አቀብላኝ፣ «ይህን ሰርዢው፤ ገና አላደረግኩም» አለችኝ። ሰርዤዋለሁ።

ውሳኔዎን በሥራ ገበታዬ ላይ ሆኜ እየጠበቅሁ፣ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

(ፊርማ)
ሲስተር እፀገነት ጉግሳ
የሚጥል በሽታ ክትትል ክፍል ኃላፊ ነርስ

ግልባጭ፦
ለሲስተር ሙኒያ ዐብዲሻኩር፣ ካርድ ክፍል
ለወ/ሪት ላዳን ዳሂር፣ ጀልዴሳ