ኩሬው አጠገብ የተተከለው ድንኳን

ደምስዬ፣ የልጆቼ አባት፣ አፈሩን ገለባ ያድርግልህ። በነሐሴ ጭቃ ቀብረንህ ተመለስን፤ ይኸው ሁዳዴ ገባ። እኔም አለሁ፣ መኖር ከተባለ። ትንሿ ልጅህ በር በተንኳኳ ቁጥር አንተ ትመስላታለህ። ምን ብዬ ልንገራት?

ዓሦችህ አልቀዋል፣ ደምስዬ። ሰው ሁሉ ጌታቸውን ተከትለው ሄዱ ይላል፤ እናትህም ይህን በሰሙ ቁጥር እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። እውነቱን ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

ድንኳኑ የተተከለው ኩሬው አጠገብ ነበር። ሌላ ሜዳ የት አለንና! ለቀስተኛው ንፍሮውን እየዘገነ ሲቀመጥ ዓሦቹን ያያል። የሟች ከብት ጦሙን አይደር ብሎ አንዱ እፍኝ ይበትናል፤ ሌላውም ያንኑ ይደግማል። አንተ በቁንጥር ስትመግባቸው ማን አይቶ! እኔ እንደሆንኩ ደረቴን እየደቃሁ ነበር። ያልተበላው ንፍሮ ታች በስብሶ በሳልስትህ ውሃው አረፋ ደፍቆ ሸተተ፤ በማግስቱ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ።

ኩሬውን ስትቆፍር አገሩ እንዴት እንደሳቀብህ ትዝ ይልሃል? ሰው መሬት ያርሳል፣ ደምሴ ውሃ ያርሳል ተባለ። እዚህ ቅርባችን ዓለም ከተማ ያሉት ሆቴሎች በሁዳዴ ዓሣህን ሲሻሙ ግን የሳቀው ሁሉ ዝም አለ። የጓሮው ሽንኩርትም ቆስጣውም ያንኑ ውሃ ይጠጣ ነበር። እኔማ ስኮራብህ ልክ አልነበረኝም።

ዘንድሮም ሆቴሎቹ በሹፌር ይልኩብኛል። ምን ልስጣቸው? የዓሣ ጫጩት እንዳላመጣ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። ኩሬውን፣ ልጅ ይገባበታል ብለው ወንድሞችህ ደፈኑት። የቀረን ጓሮው ብቻ ነው፤ እሱም ውሃ ካላገኘ ጉሮሯችን ተዘጋ ማለት ነው። ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን ትታ በጎረቤታችን በእትዬ ጌጤ አህያ ከወንዝ ትቀዳለች። አህያዋ ባትኖር ይኼኔ ልጆቹን በትኛቸው ነበር።

ትናንት እትዬ ጌጤ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ። በለቅሶው ጊዜ ማንም ዓሦቹን ሳያስታውስ መጀመሪያ ንፍሮ የበተኑላቸው እሳቸው እንደነበሩ ነገሩኝ። ቢያልቁም ጠግበው ነው የሞቱት፣ አይዞሽ ብለው አጽናኑኝ።

እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ፣ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

በቁሜ እስካለሁ አልረሳህም። ዓሦችህን ማን እንደጨረሳቸው ግን እኔና አንተ ብቻ እንወቀው።

ባለቤትህ