ጥፋቱ የጣትሽ አልነበረም

ሊንድቬት፣ ኖርዝ ዳኮታ
ሰኞ፣ ሜይ 12 ቀን 2014

ለምወድሽ ልጄ ለማሪት፣

ስለ ጤናዬና ስለ አየሩ ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ወደ ኋላ ካስቀረሁት እንደ ልማዴ ገጹ ሞልቶ ይቀራል። በአሥራ ሰባት ዓመትሽ በአውራጃው የሽጉጥ ውድድር የተሸነፍሽው በጣትሽ ጥፋት አይደለም። በእኔ ነው። በማግስቱ አውቄዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት የሽጉጥሽን የፊት ማነጣጠሪያ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትቆመውን ብረት፣ እንደቀየርኩልሽ ታስታውሺያለሽ። አዲሱን በመዶሻና በነሐስ ዘንግ እየመታሁ ቦታው አስገባሁትና በዓይኔ አይቼ «መሀል ነው» አልኩ። ተኩሼ አልሞከርኩትም። ሽጉጥ ጠግኜ ለባዳ እንኳ ሳልሞክር የማልሰጥ ሰውዬ ለገዛ ልጄ ቸኮልኩ። ለካ በፀጉር ስፋት ወደ ቀኝ ቀርቷል። የፊቱ ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ ከሄደ ጥይቱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይህን ያስተማርኩሽም እኔው ነኝ።

በውድድሩ መሀል «አባዬ፣ ሁሉም ወደ ግራ እየሄደብኝ ነው» አልሽኝ። እኔስ ምን መለስኩ? «ቃታውን እየነጠቅሽ ነው፤ ጣትሽን አረጋጊ።» በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ወደ ግራ ሲስት ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። ሽጉጡን ማን ይጠረጥራል? ያውም እኔ የሠራሁትን!

በማግስቱ ኢላማሽን ሳየው አሥሩም ቀዳዳ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሚሸፈን ነበር። ቃታ የሚነጥቅ ሰው ጥይቱ ይበታተናል እንጂ እንዲህ አንድ ላይ አይሰበሰብም። ማነጣጠሪያውን ለካሁት፤ አወቅሁ። እናትሽ «ንገራት፣ ቨርሊን» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። አንቺ ሽጉጡን አስቀምጠሽ ዳግም ሳትነኪው ቀረሽ፤ እናትሽ አርዲስም አረፈች፤ እኔ «እሺ» እንዳልኩ ነኝ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ምእመኑ በኅብረት ሲናዘዝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናዘዛለሁ። ከሰው ጋር ሆኖ መናዘዝ አይከብድም፤ ማን ምን እንዳጠፋ አይለይም።

ሽጉጡን አልሸጥኩትም፣ አላስተካከልኩትምም። ባስተካክለው ምስክሩን ያጠፋሁ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤሽ ደረሰኝ። በጁላይ ከአላስካ ልትመጡ! ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ጮህኩ። ብሪታም መተኮስ ልማር ብላለች፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የልጅ ልጄ፣ ከእኔ! ደስታዬ እያስጨፈረኝ ሳለ የደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ደረስኩ። «የኔን ጣት ወርሳ ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አትስጣት» ትያለሽ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ውሸቴ የብሪታ ጣት ላይ ሊደርስ ነው።

ስለዚህ የማነጣጠሪያ መግፊያ ገዛሁ። አዎ፣ እኔ፣ «የሰነፍ መሣሪያ» እያልኩ ስስቅበት የኖርኩት። ትንሽ ሞርሳ በይው፤ ሽጉጡን ጥርቅም አድርጎ ይይዝና፣ ብሎኑን በእጅ ስታዞሪው ማነጣጠሪያውን ሳይመታ ሳይጭር ቀስ እያለ ይገፋዋል። ቅዳሜ ዕለት እሱንና ሽጉጥሽን ይዤ ወደ ተኩስ ክለቡ ሄድኩ። ኦርቪል በሩ ላይ ነበር፤ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ አሁንም አንደኛ ተኳሻችን እሱ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ መዶሻህን ማን ሰረቀህ?» አለኝ።

«ወሬህን ተውና ይህን ሽጉጥ ተኩስልኝ።»

አምስት ተኮሰ። አምስቱም ግራ። መነጽሩን ጠረገና አምስት ጨመረ። ግራ።

«ቃታውን እየነጠቅህ ነው፣ ኦርቪል» አለች የክለቡ ጸሐፊ በርኒስ ከኋላው።

«እኔ? ሃምሳ ዓመት ተኩሼ? ይሄ ሽጉጥ ጠማማ ነው! የትኛው ሰካራም ነው ማነጣጠሪያውን የገጠመው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ያውም ሳልጠጣ። የማሪት ሽጉጥ ነው፤ በዚህ ነው የተወዳደረችው።»

ሌሎቹም ተኳሾች ጠጋ አሉ። በርኒስ «በሁለት ነጥብ እኮ ነው የተሸነፈችው» አለች ቀስ ብላ።

«በዚህ ቆልማማ፣ በሁለት ነጥብ ብቻ?» አለ ኦርቪል። «ቀና ሽጉጥ ብትሰጣት ኖሮማ እኛ ሁላችን ተኩሱን ትተን ዓሣ ማጥመድ ገብተን ነበር! ቆይ፣ የኔንስ የገጠምከው አንተ አይደለህ? እስከ ዛሬ የሳትኩት ሁሉ በአንተ ነዋ!»

ሳቁ ጣራውን ነቀነቀው። እኔም ሳቅሁ፤ እናትሽን ከቀበርኩ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሽጉጡን አራግፌ፣ ባዶነቱን ሁለት ጊዜ አይቼ መግፊያው ላይ አሰርኩት። ብሎኑን ትንሽ ዞር አደረግሁት። ኦርቪል ተኮሰ። «ገና ነው» አለ። ደግሞ ጥቂት ዞር፤ እሱም ደግሞ ተኮሰ።

«ቁም! በቃ፣ እንዳትነካው!»

አምስቱም መሀል ለመሀል።

ልጄ፣ ይቅርታሽን ልቤ ይመኛል፤ አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ አትቸኩዪ። የእናትሽ ክፍል ተጠርጓል፣ የምትወጃት የሊላክ አበባም አቆጥቁጣለች። የሰማዩ አባት መንገዳችሁን የሰላም ያድርግላችሁ፣ ብሪታን በጸጋው ያሳድጋት፣ አንቺንም ከእኔ ስህተት በላይ ያቁምሽ።

ከመፈረሜ በፊት ይህን ልጨምር። ኦርቪል በመጀመሪያ የተኮሰበትን፣ ቀዳዳው ሁሉ ወደ ግራ የሄደውን ኢላማ አነሳሁ። ከሥሩ በወፍራም ቀለም «የፊት ማነጣጠሪያው ጠማማ ነበር። የገጠምኩት እኔ ነኝ። የማሪት እጅ ቀና ነበር» ብዬ ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ክለቡ ግድግዳ ላይ፣ ከአሸናፊዎቹ ስም ዝርዝር አጠገብ፣ የገባ ሁሉ በሚያነብበት ከፍታ ሰቀልኩት።

አባትሽ፣
ቨርሊን ሃውገን