ያስቀረኝ ሰምሰሚያ

ውድ ጉግሳ፣

አንተ ሰውዬ፣ እንደምን ከረምክ? ህሊናዬስ? የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ ገና በድዷ ነው የምትስቀው? ገዳሪፍ በደህና መድረሳችሁን በሰው በሰው ሰምቼ ድምፄን አፍኜ እልል ብያለሁ። እኔ ያው ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር፣ ያው ቤታችን ውስጥ አለሁ። በቀለም ቆርቆሮ የዘራነው ሪጅላ በርትቷል፤ ቅጠሉን ቀቅዬ በጨው እበላዋለሁ። ዱቄት ሲጠፋ ደግሞ እራቴ ሰምሰሚያ ነው። ሰሊጥና ስኳር ለእራት! ጥርሴ አልቋል፣ ብታየኝ ትስቅብኛለህ።

ተናድጄብሃለሁ፣ አልደብቅህም። ሦስታችንም ከጦርነቱ ልንወጣ የታጣቂዎቹ ኬላ ላይ የቆምን ቀን ዝም ብትል ምን ነበረበት? እንዲያሳልፉን ብዬ የሰጠኋቸውን ሰምሰሚያ አለቃቸው ሳሊህ ቀምሶ "ማን ሠራው?" ሲል ደረትህን ነፋህና "ሚስቴ ናታ! ካርቱም ውስጥ እንደሷ የሚሠራ የለም" አልክ። ሰውዬው ሳቀ። "እንግዲያው እሷ ትቅር። አንተ ልጅህን ይዘህ እለፍ፤ ከኢድ በኋላ ትከተልሃለች፣ ኢንሻላህ" አለ። ጠመንጃ ፊት ምን ልትል፣ አውቃለሁ። ግን በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሙያዬን አንድ ቀን አመስግነህ አታውቅም፤ ምነው ያን ቀን ብቻ!

ኢዱ መጣ፣ ሄደ። ሌላውም ኢድ ሄደ። ስኳሩን፣ ሰሊጡን፣ ከሰሉን ያመጡልኛል፤ የሠራሁትን ይወስዳሉ። "መቼ ነው የምትለቁኝ?" ስላቸው "አንቺ ከሄድሽ ሻያችንን በምን እንጠጣ፣ የህሊና እናት?" ይሉኛል። የማይጠቅማቸውን ሰው እኮ ምግብ እንዳይሻማቸው ቶሎ በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ ይሸኙታል። እኔ ጠቀምኳቸው። አንዴ ሆን ብዬ አሳረርኩት፤ ሳሊህ "እጅሽን እናውቀዋለን" ብሎ ምድጃውን በእርግጫ ደፋና ሌላ ስኳር አስመጣ። ከዚያ ወዲያ ፈራሁ። ከግቢው በር መውጣት አይፈቀድልኝም። ግድግዳው ሊበላኝ ደርሷል፣ ጉግሳዬ።

ባለፈው ሳምንት ሳሊህ ቤቲ የምትባል ልጅ አመጣብኝ። ጀብራ ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ የነበረች የኛው አገር ልጅ ናት፤ እዚሁ ስላደገች ግማሽ ንግግሯ ዓረብኛ ነው። አሠሪዎቿ ጥለዋት ሸሹ። "ሙያሽን አስተምሪያት፤ እሷ የቻለች ቀን አንቺ ትሄጃለሽ" አለኝ ሳሊህ። ከደስታዬ ብዛት ሻንጣዬን ያኔውኑ ሸካከፍኩ።

"ዓይንሽን ከድስቱ እንዳታነሺ። የማር መልክ ሲይዝ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጣይ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ሰሊጡን ጨምረሽ ቶሎ አውጪው" እያልኩ አሳየኋት። እጇ ቀልጣፋ ነው፣ የተባረከች! እያማሰለች "እትዬ፣ አንቺ ከሄድሽ እኔን ማን ያወጣኛል?" አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ ለመሄድ ቆርጬ ነበር። ህሊናን እያሰብኩ ያልሰማሁ መሰልኩ።

የፈተናዋ ቀን ሳሊህ ራሱ በርጩማ ስቦ አጠገባችን ተቀመጠ። ስኳሩ የማር መልክ ያዘ። ጠብታው ውኃው ውስጥ ቀጭ አለ። ቤቲ ቀና ብላ "ኻላስ፣ ይውጣ?" አለችኝ። ፊቷን አየሁት፤ ላብ በላብ ሆኗል። ልጅ ናት እኮ!

"ቆይ" አልኳት፤ ሳሊህ አማርኛ አይሰማም።

ግራ ገባት። "እትዬ፣ ደርሷል..."

"ገና ነው፣ ቆይ!"

ጠቆረ፣ ጨሰ። ሳሊህ ቀመሰና እንትፍ አለ። "ይቺ ለምንም አትሆንም፣ በላተኛ ብቻ ናት! ያላ፣ በነገው መኪና ትሂድ!" ብሎ ጮኸባትና ወጣ። ልጅቷ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በኋላ ግን ነገሩ ገባትና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልህ እሷ ናት። ዘመድ የላትም፤ ቤት አስገባት፣ ከህሊና ጋር ትተኛ። በኔም አትቆጣ። "ምነው እኛን ብታስቢን?" የምትለኝ ይመስለኛል። አስቤያችኋለሁ፤ ድስቱ ሲጨስ ስማችሁን እየጠራሁ ነበር። ወጥቼ አጠገባችሁ ብሆን ግን ያቺ ልጅ እዚህ ስታማስል እየታየኝ እንዴት እተኛለሁ?

ህሊና "እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?" ስትልህ በቅርቡ ብለህ አታታልላት። አላውቅም በላት። እኔም አላውቅም።

ሚስትህ
ዮሳቤጥ