የአርብ ቀለም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ምሳ አልበላሁም። ከሕሙማን አክታ ያነበብነውን የቲቢ ዘረመል የንባብ ጥራት እያየሁ ነው። ግራፉን የሠራው ሰይድ ነው። ሠላሳ መስመር፣ ለአንድ ናሙና አንድ፣ ሁሉም ጥቁር። የትኛው የምን እንደሆነ የሚናገር የቀለም መግለጫ የለም። ተቆጣሁት። ራሴ በሠራተኛ ለየሁት፤ ሰይድ ሰማያዊ፣ ማህሌት ቀይ። ጥራታቸው ከታች የወደቀው ቀይ ናቸው። ሰማያዊ አንድ ብቻ። ጥፋቱ የእጇ ነው። ከላቦራቶሪው እንድትነሳ ደብዳቤ ጻፍኩ። ነገ አስገባዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ከላቦራቶሪው እንደምትነሳ ለማህሌት ነገርኳት፣ ሰይድ ባለበት። አላለቀሰችም። ግራፉን ከናሙና መዝገቡ ቀኖች ጋር አስተያየች።

«ጋሼ፣ ከላይ ያሉትስ ቀዮች የማን ናቸው? እጄ ማክሰኞ ደህና ውሎ አርብ ይታመማል?»

ሰይድ ሳቁን ዋጠ። በሰው ሳይሆን በቀን ቀለም ይስጡት አለችኝ። አርብ ሰይድ ለጁምዓ ሲወጣ እሷ ትሸፍንለታለች፤ የማርያም ዕለት እሱ ይመልስላታል። ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት አይቻለሁ። አላሰብኩትም። ደብዳቤውን ያዝ አደረግሁት።

ያው ዕለት፣ 9 ሰዓት

አምስት ቀን፣ አምስት ቀለም። አርብ ቢጫ።

ማስታወሻዬ፣ ምን ብዬ ልንገርህ። ከታች ያለው ሁሉ ቢጫ ነው። ሌላ ቀለም የለም። ያ ብቸኛ ሰማያዊም፣ ማህሌት ታማ ሰይድ የሠራው የአርብ ናሙና ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ያው፣ መስመሩ ያው፤ ትናንትም ፊቴ ነበር። ዓይን የማያየው ተሕዋስ የመጣበትን ቀን ይዞ ይመጣል። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሥራ አልሠራሁም።

አርብ፣ 7 ሰዓት ተኩል

አርብ ናሙናው ምን እንደሚያገኘው ላይ የሚመጣበትን መንገድ ይዤ ወጣሁ፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቆሜ እየጻፍኩ ነው። ሰጋጁ አስፋልቱን ሞልቶታል። ናሙና የሚያመጣልን ሞተረኛ መንገዱ እስኪከፈት ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ። ከፈትኩት። ናሙናው ሞቆ እንዳይበላሽ የሚይዘው በረዶ ውሃ ሆኗል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ አልኩት። አርብ አርብ፣ አለ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ላይ ግንባሩን ምድር አስነካ። መርካቶ ጸጥ አለች። ግራፉ ላይ ያየሁት ይህችን ሰዓት ነበር። አፌን ዘጋሁ።

ያው ዕለት፣ 10 ሰዓት

ደብዳቤውን ቀደድኩ። ከሚቀጥለው ሳምንት ሞተረኛው የአርብ ናሙና ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይዞ ይነሳል። ያለፉት አርቦች ሕሙማን እንደገና አክታ ይሰጣሉ፤ የምደውልላቸው እኔ ነኝ። ማህሌትን ያዋረድኳት ሰይድ ፊት ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ባሉበት፣ ቆሜ፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን ገና አልጻፍኩትም።