በስምሽ የተመጸወተው ማጠቢያ ማሽን

ውድ ባለቤቴ ዘሃራ ሆይ፣

አላህ መቃብርሽን ያስፋልሽና፣ ከተለየሽኝ እነሆ ሰባተኛው ወር ገባ፤ በእነዚህ ወራት ከኀዘን ቃል በቀር የቁጣ ቃል እንዳልጽፍልሽ ብዕሬን ስገታ ብቆይም፣ ዛሬ ዝምታዬ አደራ እንደ መብላት ስለ ታየኝ፣ በዚህ በዐረብ አገር፣ መላዝ ሰፈር ባለው ሕንፃ ሥር፣ ሃያ ዓመት አብረን በኖርንባት በዚህች የዘበኛ ክፍል ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

ልብስ ማጠቢያ ማሽንሽን ወስደውታል። በሕመምሽ መጨረሻ እጄን ይዘሽ፣ «ለጦይባ ስጥልኝ፤ እጇ በሳሙና አለቀ» ብለሽ የተናዘዝሽውን ማለቴ ነው። ጓደኛሽ ጦይባ ዛሬም ጀራዲያ ሰፈር ውስጥ የሠራተኞችን ልብስ በእጇ እያጠበች ትኖራለች፤ ውኃ ያለው ክፍል እስክታገኝ ጠብቅልኝ ስላለችኝ ጣሪያው ላይ ካለው ዕቃ ቤት አኖርኩት፤ ስሟን ጽፌ አለመለጠፌ የእኔ ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓርብ፣ እኔ መስጊድ ሳለሁ፣ የከፊላችን፣ የአሠሪያችን፣ ልጅ ኑራ፣ አንቺው በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሻት ኑራ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር መኪና ጠርታ፣ ከራሷ የተሰበረ ቴሌቪዥን ጋር የእኛንም ደህና ማሽን ጫነችው። ስጠይቃት ፈገግ ብላ፣ እንደ ልማዷ አጎት እያለች፣ «ያ ዐም ሰኢድ፣ ለዘሃራ ሰደቃ ይሁንላት ብዬ ነው» አለችኝ፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ «ጀዛኪላህ ኸይር» አልኩ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ አፌን ይመረኛል።

በማግስቱ ነሲም ሰፈር ወዳለው የማኅበሩ መጋዘን ሄድኩ። ማሽኑን አገኘሁት፤ ገመዱ ከሥሩ ተቆርጧል። አንድ የደሴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሞዴሉ አሮጌ ነው፤ አሮጌ ተሰባብሮ ለብረት ነው የሚሄደው። ኸላስ፣ ይርሱት» ቢለኝ፣ አንዴ እንኳ ሶኬት ላይ ሳይሰኩ የፈረዱት ፍርድ አንገብግቦኝ፣ «ያረጀ ሁሉ ለብረት ከሆነ እኔንም ጫነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «የእርስዎን ፎርም አላመጡልንም፣ ጋሼ» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ተፈርሞበት የገባ ዕቃ እንደማይመለስ ነገረኝ።

ከዚያው ተመልሼ የኑራን በር አንኳኳሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በአባቷ እጅ መሆኑን ሳልዘነጋ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ለዚያ ቤት ሰው ያልተናገርኩትን ተናገርኩ፦ «ሰደቃ ከራስ ነው። የሟች ኑዛዜ አንስቶ መስጠት ሰደቃ አይባልም፤ በዘሃራ ስም የሰጠሽውን ከራስሽ ተኪ፣ ለጦይባም ማሽን አምጪላት።» ፊቷ ቀላ። «ኢንሻአላህ፣ ያ ዐም» ብላ በሩን ዘጋች፤ ያ ኢንሻአላህ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቀዋለን።

ዛሬም ሄጄ አንኳኩቻለሁ፤ ነገም አንኳኳለሁ። ሌላው በዱዓ ያስብሽ፤ እኔ ግን ከዱዓዬ በላይ፣ እስኪያባርሩኝ ድረስ፣ በዚያ ደጃፍ ቆሜ የጦይባን ማሽን በስምሽ በመጠየቅ አስብሻለሁ።

ባለቤትሽ ሰኢድ