የሦስተኛዋ ነፋስ

ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ገብረጻድቅ
ድሬዳዋ

አባዬ፣ ሰላምታዬ ከአቃቂ ተነስቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ ከደጅዎ ይድረስ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የድሬ ሙቀት ቁርጥማቱን አስታገሰልዎ ወይስ ዛሬም ደረጃ ላይ ያስቆምዎታል? የግራ ጆሮዎስ? አክስቴ ድንቅነሽ መድኃኒትዎን እንዳይረሱ ትቆጣዎታለች ብዬ ልቤን አሳርፋለሁ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ከጤናዬ ወዲያ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም።

በስልክ ያልነገርኩዎት አክስቴ ስልኩን ይዛ የምናገረውን ሁሉ እየጮኸች ስለምትደግምልዎ ነው። የኔን ጉዳይ ከእርስዎ በፊት ግቢው ይሰማዋል። ደግሞም ገና ሳልጨርስ «ተይው ልጄ» ይሉኛል። ወረቀት ላይ አያቋርጡኝም።

ባለፈው የካቲት አቶ ሙሉአለም የሚባሉ ሰው ከአባታቸው የወረሱትን አሮጌ ፖርሽ በጭነት መኪና አስጭነው እኔ ወደምሠራበት ወደ ወንድዬ ጋራዥ አመጡ። ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ወንድዬን ያውቁታል፤ ሙያውን ከእጅዎ የተማረ ነው። ከፍቶ አየና «ይሄ እኮ ቀሚስ የለበሰ ቮልስ ነው!» ብሎ ሳቀ። የእህቱ ልጅ ጌዲዮን ደግሞ ራዲያተር ሲፈልግ ቆይቶ «ውሃው በየት ነው የሚገባው?» አለ። ማንም ስላልፈለገው ለእኔ ተሰጠኝ።

ወንድዬ በቀልድ የተናገረው እውነት ነበር። የድሮውን የጥገና መጽሐፍ ፈልጌ፣ ቃል በቃል እየፈታሁ አነበብኩት። ፖርሽ የተነሳው ከቮልስ ሞተር ነው፤ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ እዚሁ በሰቃ ሰፈር ሲያወርዱና ሲሰቅሉ ከኖሩት። ሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት የነበረውን ሞተር፣ ከሲሊንደሩ ላይ የሚከደነውን ቴስታታውን ቀይረው፣ ቫልቩን አስፍተው፣ ሁለት ካርቡሬተር ጭነው አርባ አደረሱት። ከዓመት ዓመት ሲሊንደሩን እያሰፉ፣ የሞተሩን አካል ራሳቸው እንደ አዲስ ሠርተው፣ መጨረሻ ላይ ዘጠና አምስት ገባ። ያን ሁሉ ሲያሻሽሉ አንድ ነገር እንደነበረ ቀረ፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ዛሬም ከሦስተኛዋ ሲሊንደር ፊት ቆሟል። ይህ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚያበርደው ነፋስ ነው። ሌሎቹ ንጹሕ ነፋስ ሲደርሳቸው ለእሷ የሚደርሳት ዘይቱን አብርዶ የሞቀው ነው። «ሦስተኛዋን አደራ፤ እኩል ሠርታ ትራፊ ነው የምትተነፍሰው» ይሉኝ አልነበር?

ነፋሱን በሲሊንደሮቹ ዙሪያ አቅፈው የሚያዞሩት ከሥር የሚታሰሩ ላሜራዎች ናቸው። የድሮዎቹ ዝገው አልቀዋል። በካርቶን ልክ አውጥቼ ከቆርቆሮ ቆረጥኩ፤ አራት ጊዜ አበላሸሁ፣ በአምስተኛው ገጠሙ። በሰባተኛው ወር ሞተሩ መቆሚያው ላይ እንዳለ ተነሳ። በስልክ ያሰማሁዎት ድምፅ የእሱ ነው፤ «በየትኛው ጆሮዬ ልስማው?» ብለው የሳቁ ዕለት።

ጌዲዮን ሞተሩን መኪናው ላይ ሲሰቅል ላሜራዎቹን «ተለጣፊ» ብሎ አውልቆ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ጣላቸው። ለወንድዬ ስነግረው «አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ዩኒቨርሲቲ ታደርጊዋለሽ፤ ቆርቆሮ እኮ ነው!» አለኝ። በማግስቱ አቶ ሙሉአለም ፎቶ አንሺ ይዘው መጡ። ወንድዬ የጌዲዮንን ትከሻ ይዞ «የሞተሩ ሐኪም እሱ ነው» አለ። «እሷስ?» አሉ እኔን አይተው። «እሷ ዕቃ የምታጥብልን ናት። ጎበዝ ልጅ ናት።» አባዬ፣ ከሁሉ ያቃጠለኝ «ጎበዝ» ያለው ነው። ልናገር አፌን ስከፍት «እስቲ ሻይ በይልን» አለኝ። ላሜራዎቼን ከቁርጥራጩ መሀል ለቅሜ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጋራዡን አልረገጥኩም። ያኔውኑ ለአቶ ሙሉአለም አለመናገሬ ግን የኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

መኪናው ሦስት ሳምንት አልቆየም። አቶ ሙሉአለም ከቢሾፍቱ ሲመለሱ ዳገት ላይ ቆመ። ሲከፈት የሦስተኛዋ ፒስተን ተቃጥሏል፤ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። ትናንት ወንድዬ ቤቴ ድረስ መጣ። «እህቴ፣ ነይና እይልን፤ ስምሽን ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን» አለኝ። «ሲቃጠል ነው እህትህ የሆንኩት?» አልኩት። «እንግዲያውስ ጋሼ ገብረጻድቅ ጋ እደውላለሁ፤ እሳቸው እንዳንቺ ክፉ አይደሉም» ብሎኝ ሄደ።

ይደውላል፤ ይህ ደብዳቤ ቀድሞት እንዲደርስ ዛሬውኑ በሰው እጅ እልከዋለሁ። እርስዎን ደግሞ አውቅዎታለሁ፤ መንገድ ዳር ኮፈን ከፍቶ ለቆመ ሰው ሁሉ የሚያውቁትን ሳይሰስቱ ይሰጣሉ። ለወንድዬም እንዲሁ ሰጡት። ጋራዡን ሲያስመርቅ አንድ ጊዜ እንኳ ስምዎን ጠራ? እርስዎ ግን «ሥራው ይናገራል» ብለው ወንበርዎን ስበው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ሥራ አይናገርም፣ አባዬ። የሚናገረው ፎቶው ውስጥ የቆመው ሰው ነው።

ስለዚህ የላሜራዎቹን ነገር አይንገሩት። ሞተሩ እንዲሞት ፈልጌ አይደለም። ቅዳሜ አቶ ሙሉአለም ቀጥረውኛል፤ ሁሉንም በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ፣ ካመኑኝ በራሴ እጅ እገጥመዋለሁ። ብረት ላይ ፊደል የሚቀርጽ መምቻ ተውሼ ላሜራዎቹ ላይ ስሜን መትቻለሁ። ከሥር ስለሆነ ከላይ አይታይም፤ ነገ የሚከፍተው መካኒክ ግን ሳያነበው አያልፍም።

የአክስቴን ጉንጭ ሳሙልኝ። አስቴርን ለፈተናዋ በርቺ በሉልኝ፤ ሒሳቡን እንዳትፈራው። ሕፃኑን ዘአማኑኤልን አገላብጣችሁ ሳሙልኝ፤ ላየው ጓጉቻለሁ።

ወንድዬ ሲደውል መቼም ስልኩን የምታነሳው አክስቴ ናት። «ሞተሩ ምን ጎድሎበት ነው?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ አንድ ነው። ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ትጩህለት፦ ሊዲያ!

ልጅዎ
ሊዲያ ገብረጻድቅ
አቃቂ በሰቃ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.